ባለቤቴ «የመድፍ ድምፅ ከቤቴ ይውጣ» ትላለች፤ ልጄ ደግሞ ሽንፈትን አልቻለም

ጤና ይስጥልኝ። የ39 ዓመት ሰው ነኝ፤ ከባለቤቴ፣ ከ13 ዓመት ወንድ ልጄና ከ10 ዓመት ሴት ልጄ ጋር ኮምቦልቻ እኖራለሁ። ካምፓስ ሳለን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ዶርም ውስጥ ኬብል ዘርግተን ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 እና ጄኔራልስ የሚባሉትን የስትራቴጂ ጌሞች እንጫወት ነበር። ሁለቱም አሁን የሚኖሩት ደሴ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ላፕቶፓቸውን ይዘው የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ይመጣሉ፤ ሳሎን ቁጭ ብለን እንደ ድሮው እንጫወታለን። እውነቱን ለመናገር ሳምንቱን የምገፋው ያቺን ቅዳሜ እያሰብኩ ነው።

ችግሬ ሁለት ነው። ልጄ «እኔም ልግባ» ብሎ ለመነንና በአሮጌው ላፕቶፕ አስገባነው። አንደኛው ጓደኛዬ በጨዋታ ምሕረት አያውቅም፤ ልጁ ገና ቤት ሠርቶ ሳይጨርስ በ10 ደቂቃ ገብቶ አጠፋው። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው «አንተ ገና ጡት አልጣልክም» ብሎ ሲስቅበት፣ ልጁ የላፕቶፑን ክዳን በኃይል ዘግቶ ወጣ። እኔም እንግዳ ፊት አፍሬ ተቆጣሁት። ከዚያ ወዲህ ጓደኛዬ ሲመጣ ሰላም ሳይለው ክፍሉ ይገባል።

ሁለተኛው የባለቤቴ ነገር ነው። በ2014 ጥቅምት ላይ ልጆቹን ይዘን ከቤት ወጥተን ነበር። እሷ «የመድፍ ድምፅ ከቤቴ ይውጣ፤ ጆሮዬ ጠግቧል» ትላለች። እኔ ጨዋታ እኮ ነው እላለሁ፤ እሷ አይገባህም ትላለች። ባለፈው ቅዳሜ ቡናም ሳታፈላ ልጅቷን ይዛ እናቷ ቤት ሄደች። ልጅቷም መጫወት ትፈልጋለች፤ እናቷን ፈርታ ነው ዝም ያለችው። ጓደኞቼን ልተው ወይስ ቤተሰቤን እንዴት ላስረዳ?

መላ ያጣሁ፣ ከኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ ያስቀመጥካቸው መንገዶች ሁለት ናቸው፦ ጓደኞችህን መተው ወይም ቤተሰብህን ማስረዳት። ሁለቱንም ገና አትምረጥ። ከደብዳቤህ እንደምረዳው መለወጥ ያለባቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የምትጫወቱት ጌም ዓይነት፣ ማን ከማን ጋር እንደሚሰለፍ፣ ቅዳሜው የሚያልቅበት ሰዓት። እነዚህ ከተስተካከሉ ጓደኞችህም ይመጣሉ፣ ልጆችህም ይገባሉ ብዬ አምናለሁ።

ከባለቤትህ ልጀምር፤ ምክንያቱም የእሷ ነገር ሳይፈታ የልጁን መፍታት ትርጉም የለውም። የጻፍከውን ቃሏን መልሰህ አንብበው። የመድፍ ድምፅ ይውጣ አለች እንጂ ጓደኞችህ አይምጡ ወይም ጨዋታ ይቅር አላለችም። ጄኔራልስ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ፣ የዘመናችንን ጦርነት የሚያሳይ ጌም ነው፤ ታንክ፣ ሮኬትና ተዋጊ አውሮፕላን ሞልቶበታል። ከሦስቱ ወገኖች አንዱማ ፈንጂ ታጥቆ የሚሮጥ ሰው ሳይቀር ያሰማራል። ለምትጫወቱት ይህ ሁሉ ስሌት ነው፤ ዓይናችሁ ገንዘቡና የካርታው ጥግ ላይ ነው። ወጥ ቤት ሆና ለምትሰማው ግን የሚደርሳት ፍንዳታው ብቻ ነው። በዚያ ጥቅምት ሁለት ሕፃናት ይዛ ከዚያው ከተማ የወጣች እናት፣ «ጨዋታ እኮ ነው» የሚለው መልስ አያጽናናትም። ሰውነቷ ድምፁን የሚያውቀው ከጨዋታ አይደለምና።

ስለዚህ ጄኔራልስን ከቤትህ አውጣው። ድምፁን ቀንሰህ ወይም ሄድፎን ሰክተህ ለማቆየት አትሞክር፤ ከሁሉም ላፕቶፕ ላይ አጥፉት። ልጆች ለሚቀመጡበት ጠረጴዛም ቢሆን የሚመረጥ ጌም አልነበረም። የሚቀረው ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ሰይፍ፣ ቀስት፣ ፈረስና ግንብ ነው፤ የጨዋታው የመጀመሪያ 15 ደቂቃም በጎችን ሰብስቦ በማረድ፣ እንጨት በመቁረጥና እርሻ በመሥራት ያልፋል። ሆኖም መጨረሻው ዘመን ላይ ሲደረስ እሱም መድፍ ያመጣል፤ ይህን አንተ ታውቃለህ፣ እሷ ላታውቅ ትችላለች፤ ቀድመህ ንገራት። በጌሙ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ የውጊያውን ድምፅ ለብቻ ዘግቶ ሙዚቃውን መተው ይቻላል፤ ካልሆነም ሁላችሁም ሄድፎን አድርጉ። ባሩድ ጭራሽ የሌለበት ሌላ ጌምም አለ፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ይህን ሁሉ ከማድረግህ በፊት ግን ጠይቃት። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ጓደኞችህ ከሚመጡበት ቅዳሜ ራቅ ባለ ቀን ይሁን። «ልንገርሽ» ብለህ አትጀምር፤ «ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ስንጫወት አንቺ ምን ምን ትሰሚያለሽ? የትኛው ነው የሚያስቸግርሽ?» በላት። ከዚያ ዝም ብለህ ስማት። ስትመልስልህ እንዳታርማት፤ «እሱ ታንክ አይደለም፣ የጭነት መኪና ነው» ዓይነት ነገር ከአፍህ እንዳይወጣ። ምናልባት ድምፁ ብቻ ላይሆን ይችላል። ሦስት ጎልማሳ ከምሳ ጀምሮ እስከ ምሽት ሳሎን ሲቀመጥ ምሳውን የሚያቀርበው፣ ቡናውን የሚያፈላው፣ ሰሃኑን የሚያነሳው ማን ነው? በደብዳቤህ ላይ ቡና ሳታፈላ መሄዷን ጽፈሃል፤ በሌሎቹ ቅዳሜዎች ግን አፍልታለች ማለት ነው። አቦሉን አፍልታ ስትጠራችሁ «ትንሽ ቆይ፣ ይቺን ልጨርስ» ስትሉ በረካው ሳይጠጣ ቀርቶ ያውቅ ይሆን?

ስለ ልጆቹም ባለቤትህን ጠይቃት፤ እናት የምታየውን አባት ላያይ ይችላል። ልጅህ ያኔ የ9 ዓመት ልጅ ነበር። ክዳኑን ዘግቶ መውጣቱ የተሸነፈና የተሰደበ ልጅ የሚያደርገው ነው፤ ብቻውን ሲታይ አያሳስበኝም። ሌሊት እየባነነ የሚነሳ፣ በር ሲጋጭ የሚደነግጥ፣ የዚያን ጊዜ ነገር ሲነሳ ከክፍሉ የሚወጣ ከሆነ ግን የጌሙን ጉዳይ ወደ ጎን አድርጋችሁ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አማክሩ። ባለቤትህም ራሷ ይህን የምትፈልግ ከሆነ አብረሃት ሂድ።

አሁን ወደ ልጁ። መጀመሪያ አንተ የምትለው ነገር አለ፤ «እንግዳ ፊት የተቆጣሁህ ትክክል አልነበረም፤ መቆጣት የነበረብኝ የሰደበህን ሰው ነበር» በለው። ረጅም አታድርገው። ለጓደኛህም ከቅዳሜ በፊት ስልክ ደውልለት፤ ቤትህ መጥቶ ልጅህ ፊት ስታነሳበት ነገሩ ከባድ ይሆናል። ካምፓስ ሳላችሁ እንዲህ ስትባባሉ ትስቁ ነበር፤ ዛሬ ግን ከፊቱ የተቀመጠው 13 ዓመቱ ነው። «ስትመጣ ጠጋ ብለህ አንድ ቃል በለው» ብትለው የሚበቃ ይመስለኛል። እሺ የማይል ከሆነ፣ ያ ስለ ጌሙ ሳይሆን ስለ ሰውየው የሚነግርህ ነገር አለ።

ልጁ ለምን በ10 ደቂቃ እንደጠፋ ደግሞ ተረጋግተን እንየው፤ ምክንያቱ ከታወቀ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ሲጀመር 3 ሠራተኛና 1 ፈረሰኛ ቃኚ ይሰጣል፤ ምግቡ 200፣ እንጨቱ 200፣ ወርቁ 100፣ ድንጋዩ 200 ነው። አንድ ሠራተኛ 50 ምግብ ይፈጃል፤ ለመውጣትም 25 ሰከንድ ይወስዳል። የከተማው ማዕከል ለአንዲት ሰከንድ ሳያርፍ ቢሠራ በ10 ደቂቃ 24 አዲስ ሠራተኛ ያወጣል ማለት ነው። ጓደኛህ ወደዚያ ቁጥር ይጠጋል። ልጅህ ምናልባት 8 ወይም 9 ላይ ቀርቷል፤ ምክንያቱም ጀማሪ ሁሉ ካርታውን እያየ ማዘዙን ይረሳል። ሁለተኛው ወጥመድ ቤት ነው። ማዕከሉ ራሱ የሚይዘው 5 ሰው ብቻ ሲሆን መጀመሪያውኑ 4 አለ፤ አንድ ቤት ሌላ 5 ይጨምራል። ቤት ካልተሠራ ማዕከሉ ይቆማል፤ ልጁ ለምን እንደቆመ ሳይገባው ሁለት ደቂቃ ያልፈዋል። ጓደኛህ በዚያ ሰዓት 500 ምግብ ከፍሎ ወደ ሁለተኛው፣ ፊውዳል ወደሚባለው ዘመን ተሻግሯል፤ ጥቂት ፈረሰኛ ወይም ቀስተኛ ልኮ የልጁን እንጨት ቆራጮች ያጠፋል። ሠራተኛ የሌለው ጦር አያወጣም፤ ጨዋታው እዚያው ያበቃል።

ስለዚህ ልጅህን ለብቻው ይዘህ፣ ሌላ ሰው ሳይኖር፣ አንድ ምሽት የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ብቻ አለማምደው። ሲጀመር ባለው 200 ምግብ 4 ሠራተኛ በአንዴ ይዘዝ፤ ያ ለ100 ሰከንድ ያህል ማዕከሉን ሥራ ላይ ያቆያል። ከሦስቱ ሠራተኞች ሁለቱ ወዲያው ቤት ይሥሩ። የመጀመሪያዎቹ 6 ሠራተኞች በማዕከሉ ሥር በግ ላይ ይዋሉ፤ ቀጣዮቹ 4 እንጨት ላይ። ከዚያ አንዱ ከርከሮ እየጎተተ ወደ ማዕከሉ ያምጣ፤ አንድ በግ 100 ምግብ ሲሰጥ አንድ ከርከሮ 340 ይሰጣል፤ ነገር ግን ብቻውን የቆመ ሠራተኛ ይገድላል፣ ስለዚህ ተኩሶ መሸሽ እንጂ ቆሞ መዋጋት የለም። ኤች የሚለው ቁልፍ ከየትም ቦታ ወደ ማዕከሉ ይወስደዋል፤ ነጥብ የሚለው ቁልፍ ሥራ ፈት ሠራተኛ ያሳየዋል። እነዚህን ሁለት ቁልፎች ከለመደ ግማሹን መንገድ ሄዷል። ጠላት ሲገባበት ደግሞ ማዕከሉ ላይ ያለውን ደወል ይደውል፤ እስከ 15 ሠራተኛ ማዕከሉ ውስጥ ገብቶ ከዚያ ቀስት ይወረውራል። ፈረሰኛን ለመመከት የሚበጀው ጦር የያዘ እግረኛ ነው፤ አንዱ 35 ምግብና 25 እንጨት ብቻ ነው የሚፈጀው።

ይህ ሁሉ ግን ልጁን ከጓደኛህ ጋር እኩል አያደርገውም፣ ማድረግም የለበትም። ሃያ ዓመት የተጫወተን ሰው አንድ ወር የተጫወተ ልጅ አይረታም። እኔ በጥብቅ የምመክርህ፣ ልጆች ባሉበት ጨዋታ ሁላችሁም በአንድ ወገን ሆናችሁ ኮምፒውተሩን እንድትገጥሙ ነው። ሰዎቹ ሁሉ አንድ የቡድን ቁጥር ይምረጡ፣ ቡድኖቹ በመሀል እንዳይቀየሩ ይቆለፉ፤ ሁለት ኮምፒውተር በተቃራኒ ቡድን፣ ደረጃቸው መካከለኛ ይሁን። ሁለቴ ተከታትላችሁ ስታሸንፉ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ። የድሮው እትም ከሆነ ያላችሁ የመጨረሻው ከባድ ደረጃ ላይ ኮምፒውተሩ በነፃ ሀብት ስለሚሰጠው ለልጆች አይሆንም። ካርታው ብላክ ፎረስት ይሁን፤ ጥቅጥቅ ባለ ደን የተከበበ ስለሆነ መግቢያዎቹ ጠባብ ናቸው፣ በጥቂት የእንጨት አጥር ይዘጋሉ፤ አንዱ ቁራጭ አጥር 2 እንጨት ብቻ ነው። ልጁ በሩን የሚዘጋው እሱ ከሆነ፣ ምሕረት የማያውቀው ጓደኛህ ደግሞ ከውጭ የሚዋጋለት ከሆነ፣ ያ ሰው ለልጁ ጠላት መሆኑ ይቀራል። እንጨት ሲያልቅበት ገበያ ሠርቶ ጓደኛህ ሊልክለት ይችላል፤ ሲላክ ከላኪው ላይ 30 በመቶ ግብር እንደሚቆረጥ አስታውሱ፣ ትንንሽ እየቆረሱ ከመላክ ተቸግሮ እንደሆነ ጠይቆ የሚፈልገውን በአንዴ መላክ ይሻላል።

ለሴት ልጅህ የሚሆን፣ ብዙ ሰው የረሳው አንድ ነገር ጌሙ ውስጥ አለ። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት በተጫዋቾች ዝርዝር ላይ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት የተጫዋች ቁጥር ከመረጠ፣ አንድ መንግሥት ለሁለት ይመራሉ። ሁለቱም ሁሉን ያዝዛሉ፣ ከአንድ ጎተራ ያወጣሉ። አንተና ልጅህ እንዲህ ግቡ። ሥራውን ግን ቀድማችሁ ተከፋፈሉ፤ እሷ በጎቹን፣ እርሻውንና ቤቶቹን ትያዝ፣ አንተ ግንቡንና ጦሩን። ካልተከፋፈላችሁ አንዱ ያዘዘውን ሠራተኛ ሌላው ይመልሰዋል፤ እሷ ለእርሻ ያጠራቀመችውን እንጨት አንተ ለቀስተኛ ታውለዋለህ፣ እዚያ ላይ ትጣላላችሁ። እናቷ መንደሩ ሲያድግ ብታይ ቅር የሚላት አይመስለኝም፤ ግን ይህን የምትወስነው እሷ ናትና ልጅቷን ከማስገባትህ በፊት ፈቃዷን ጠይቅ። ልጅቷ ከእናቷ ተደብቃ እንድትጫወት አታድርግ።

ባሩድ የሌለበት ያልኩህ ጌም ዜሮ ኤ.ዲ. ይባላል። ዋይልድፋየር ጌምስ የሚባል ቡድን የሚሠራው፣ ያለ ክፍያ የሚሰጥና ለሌላ ማካፈልም የተፈቀደ ጌም ነው፤ ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት ስለሆነ ከፈረስ፣ ከዝሆንና ከድንጋይ መወርወሪያ የዘለለ የለም። ከሚመረጡት ሕዝቦች መካከል የናይሉ የኩሽ መንግሥት አለ፤ ልጆቹ ፒራሚዱን ይወዱታል። ለእናንተ ቤት ይበልጥ የሚጠቅመው የተኩስ ማቆም ማስተካከያው ነው፤ ጨዋታው ሲዘጋጅ ለምሳሌ 20 ደቂቃ ብላችሁ ብትሞሉ እስከዚያ ማንም ማንንም ሊነካ አይችልም። ኮምፒውተሩም ሳንድቦክስ ከሚባለው እጅግ ለስላሳ ደረጃ ጀምሮ እስከ በጣም ከባድ ድረስ አለው። አንዲት ማሳ ላይ ከ5 ሰው በላይ አይሠራም፤ ስድስተኛው ቆሞ ያያል፣ ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ከኢንተርኔት የሚወርደው ፋይል ከ1 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ደሴ ካሉት ጓደኞችህ አንዱ ጥሩ ዋይፋይ ባለበት አንድ ጊዜ ያውርደውና በፍላሽ ለሁሉም ላፕቶፕ ከዚያችው ፋይል ይጫን። ለየብቻ ካወረዳችሁት እትሙ ሊለያይ ይችላል፤ እትሙ ከተለያየ ደግሞ አይገናኝም።

በቤታችሁ ፈጣን ኢንተርኔት ካለ አዲሱን የኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 እትም፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውን፣ መግዛትም ይቻላል። እዚያ ውስጥ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ መጀመሪያ የገቡት እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው የአፍሪካ ማስፋፊያ ነው። ቀስተኞቻቸው ከሌላው 18 በመቶ ፈጥነው ይወረውራሉ፣ አዲስ ዘመን በተሻገሩ ቁጥር 100 ምግብና 100 ወርቅ ያገኛሉ፣ ሾተል የያዘ ልዩ ተዋጊ አላቸው፣ ሠራተኞቹም በአማርኛ ይመልሳሉ። ስለ ዮዲት የሚተርክ ዘመቻም አለው። ማውረጃው ከባድ ስለሆነና መለያ ገብቶ ኢንተርኔት ስለሚፈልግ ግን ለቅዳሜያችሁ መነሻ አላደርገውም።

ስለ ማገናኘቱ ታውቀዋለህ፤ ሆኖም ዊንዶውስ ከካምፓስ ጊዜያችሁ ወዲህ ስለተለወጠ ጥቂት ልበል። ባለ 5 ቀዳዳ ስዊች (ላፕቶፖችን በኬብል የሚያገናኝ ሳጥን) እና ለየላፕቶፑ አንድ አንድ ኬብል ካላችሁ ከዋይፋይ የተሻለ ነው። ኢንተርኔት ስለሌለው ለእያንዳንዱ ላፕቶፕ አድራሻውን በእጅ ሙሉ፦ 192.168.10.1፣ ሁለተኛው 192.168.10.2 እያለ ይቀጥላል፤ ማስኩ ለሁሉም 255.255.255.0፣ ጌትዌይ የሚለው ባዶ ይቅር። ዊንዶውስ እንዲህ ያለውን መረብ የማያውቀው ስለሆነ እንደ ሕዝብ ቦታ ቆጥሮ ይዘጋዋል፤ «ጌሙ ይታየኛል ግን መግባት አልቻልኩም» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ነው። ፋየርዎሉ (የዊንዶውስ የመረብ ጥበቃ) ሲጠይቅ ሁለቱንም ሳጥን ምልክት አድርጋችሁ ፍቀዱ። ፒንግ (አንዱ ላፕቶፕ ሌላውን ማግኘቱን የሚፈትሽ ትእዛዝ) ካልመለሰ ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ፤ ፋየርዎሉ ፒንግን ከልክሎ ጌሙን ሊያሳልፍ ይችላል። ፋየርዎሉን በእጅ መክፈት ካስፈለገ፣ ዜሮ ኤ.ዲ. የሚጠቀመው ፖርት (የመረብ በር) ዩዲፒ 20595 ነው። የድሮው ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ደግሞ ዳይሬክትፕሌይ የሚባለውን አሮጌ ክፍል ይፈልጋል፤ በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ የዊንዶውስ ፊቸሮች ከሚበሩበትና ከሚጠፉበት ቦታ፣ ሌጋሲ ኮምፖነንትስ ሥር ታገኘዋለህ።

ስዊች ከሌላችሁ የአንዱ ስልክ ሆትስፖት ይበቃል፤ ዳታው ጠፍቶም ላፕቶፖቹን እርስ በርስ ያገናኛል። የእነዚህ ጌሞች መረብ ላይ የሚመላለሰው ትእዛዝ ብቻ ስለሆነ ጭነቱ ትንሽ ነው፤ የመጀመሪያው ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው፣ በ28.8 ኪሎቢት የስልክ ሞደም ላይ እንዲሠራ የታሰበ ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ላፕቶፕ ሙሉውን ጨዋታ ለራሱ ያሰላል፤ ሁሉም እኩል መራመድ አለባቸውና ደካማው ላፕቶፕ ሁሉን ይጎትታል። ጨዋታው 40ኛው ደቂቃ ላይ መንቀርፈፍ ከጀመረ ልጁን «ያንተ ላፕቶፕ ነው» ብላችሁ እንዳትወቅሱት። የሰው ብዛት ጣሪያውን ለአንድ ተጫዋች 100 አድርጉት፣ ካርታውን አሳንሱ፣ የአሮጌውን ላፕቶፕ ምስል ጥራት ዝቅ አድርጉ።

መብራት ሲሄድ ላፕቶፖቹ በባትሪ ይቀጥላሉ፤ ስዊቹ ወይም ራውተሩ ግን ወዲያው ይጠፋል፣ ጨዋታውም ይበተናል። ስለዚህ ስዊች ብትጠቀሙም ሆትስፖቱን ቀድማችሁ ሞክሩት። የድሮው ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ላይ ጨዋታውን ሴቭ አድርጎ በሌላ ቀን መቀጠል ይቻላል፤ መልሶ ለመክፈት ግን እነዚያው ተጫዋቾች ሁሉ መገኘት አለባቸው። ልጅ ባለበት ጨዋታ እኔ የምመርጠው በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ ነው፤ ሰዓት አስቀምጡና 60 ደቂቃ ሲሞላ አሸነፋችሁም አላሸነፋችሁም ይቁም።

ሰዓቱ ከባለቤትህ ጋር የሚወሰን ነው። እኔ የምጠቁምህ እንዲህ ያለ ነው፦ ከ8 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ከልጆቹ ጋር ኮምፒውተሩን የምትገጥሙበት አንድ ጨዋታ፤ ከዚያ ቡና፣ ክዳኖቹ ሁሉ ተዘግተው፣ እስከ በረካው። ቡናውን በተራ እናንተ አፍሉት፤ ከደሴ የሚመጡት ሁለቱም ጀበና መያዝ አያቅታቸውም። ከቡናው በኋላ እስከ 11 ሰዓት ሦስታችሁ ብቻ እርስ በርስ የምትፋለሙበት፣ ሄድፎን አድርጋችሁ። ጓደኛህ ምሕረት የለሽነቱን እዚያ ያውጣው፤ እሱም የመጣው ለዚያ ነውና መከልከል የለበትም። ልጁ ከኋላ ቆሞ ማየት ከፈለገ ይይ፤ የጥሩ ተጫዋችን እጅ ማየት ያስተምራል። በ11 ሰዓት ኬብሉ ይጠቀለላል።

ባለቤትህ ሁሉንም ሰምታ «አሁንም አልችልም» ልትል ትችላለች። ያኔ ለጥቂት ወራት ጨዋታውን ወደ ደሴ አዛውሩት፤ ከሁለቱ ጓደኞችህ በአንዱ ቤት፣ በየሁለት ሳምንቱ መሆኑ ቀርቶ በወር አንድ ጊዜ። ልጁ ከፈለገ ይዘኸው ሂድ። ቤት ውስጥ ዜሮ ኤ.ዲ.ን ድምፁ ጠፍቶ ከልጆቹ ጋር በሳምንት አንድ ምሽት መጫወት እንደምትችሉ ጠይቃት፤ እንቢ ካለች ለጊዜው ተቀበል፣ ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ጠይቅ።

ልጁ ደግሞ «አልጫወትም» ካለ አትገፋፋው። ከጓደኛህ ጋር ሰላምታውን ከመለሰ ይበቃል። የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ኬብሉን እንዲያስተካክልና አድራሻዎቹን እንዲሞላ ብቻ ጠይቀው፤ የትኛው ላፕቶፕ የትኛውን ቁጥር እንደያዘ በወረቀት ጽፎ ይለጥፍላችሁ። ሳይገናኝ ሲቀር የምትጠሩት እሱን ይሆናል።